ታማሚ እህል አልቀምስ ሲል፦ ስለ ካናቢስ መድኃኒት የሚወራውና ቤት ውስጥ የሚሠራው

ካንሰር፣ ኤች.አይ.ቪ. ወይም የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ከሳ ሲባል፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ስልክ ደውሎ «እዚህ ለምግብ ፍላጎት ካናቢስ ይታዘዛል፤ እናንተም ፈልጉለት» ማለቱ የተለመደ ሆኗል። ወሬው ውሸት አይደለም፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግን ግማሹ ነው። ቀሪውን ግማሽ እናስቀድምና በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ ወይም በኮዬ ፈጬ ያለ አስታማሚ ዛሬውኑ ሊያደርገው ወደሚችለው ነገር እንሻገራለን።

ካናቢስ ምን ያህል ይረዳል?

በሐኪም የሚታዘዘው በአብዛኛው ድሮናቢኖል የሚባለው ካፕሱል ነው። የካናቢስ ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ቲ.ኤች.ሲ. በላቦራቶሪ ተሠርቶ በሰሊጥ ዘይት ውስጥ የገባበት መድኃኒት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በፈረንጆቹ 1985 ለኬሞቴራፒ ማቅለሽለሽና ትውከት፣ በ1992 ደግሞ በኤድስ ምክንያት ክብደት እየቀነሱ ምግብ አልወስድ ላላቸው ሰዎች ፈቅዶታል። የተለመደው መነሻ 2.5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምሳና ከእራት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ቲ.ኤች.ሲ. አንጎል ውስጥ ረሃብን የሚቆጣጠረውን ክፍል ይነካል፤ ሰውየው «ትንሽ ልቅመስ» ይላል።

ችግሩ በሽታ ያመጣው መክሳት ከረሃብ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። ካንሰርና ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ሰውነትን ያቆጣሉ፤ ቁጣው ጡንቻን ያፈርሳል፤ ፍላጎት ቢመለስም ጡንቻው በዚያው ፍጥነት አይመለስም። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት 469 የካንሰር ታማሚዎችን አወዳድሯል። ሜጀስትሮል የተባለውን መድኃኒት ከወሰዱት 75 በመቶው የምግብ ፍላጎታቸው ሲሻሻል፣ ድሮናቢኖል ከወሰዱት 49 በመቶው ተሻሽሎላቸዋል። ክብደታቸው በ10 በመቶና ከዚያ በላይ የጨመረው ደግሞ 11 በመቶና 3 በመቶ ነበሩ። ካናቢስ እዚያም ቢሆን ሐኪም መጀመሪያ የሚያነሣው መድኃኒት አይደለም።

እዚህ አገር ደግሞ ሕጉ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ካናቢስን ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ያስቀጣል፤ «ለታማሚ ነው» ማለት አያድንም። ዘመድ በሻንጣ ልላክ ቢል አይሆንም በሉት፤ ቦሌ ላይ የሚያዘው ተቀባዩ ወይም ይዞ የመጣው ሰው ነው። በተለይ ሲ.ቢ.ዲ. ከሚባለው ሌላ የካናቢስ ንጥረ ነገር የሚሠራው ዘይት፣ ከረሜላውም ጭምር፣ ለዚህ ጉዳይ ጥቅም የለውም፤ ሲ.ቢ.ዲ. የምግብ ፍላጎትን ከፍ ከማድረግ ይልቅ በብዙዎች ላይ ይቀንሳል።

ከመንገድ የሚገዛውን ማጨስ የባሰ ነው። መጠኑ አይታወቅም፣ ሻጋታም ሊኖረው ይችላል፤ መከላከያው ለተዳከመና ሳንባው ለቆሰለ ሰው ሻጋታው ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ሰውነቱ ያለቀ ሰው ካናቢስ ወስዶ ሲነሣ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል፤ አንዳንዱ ይፈራል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን የቲ.ኤች.ሲ.ን ኃይል ይቀንሳል፣ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱ ሪቶናቪርና የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞል ደግሞ ያከብዱታል። ቀድሞውኑ እየወሰደ ያለ ታማሚ ካለ ለሐኪሙ ይናገር፤ ሐኪሙ የሚፈልገው መድኃኒቶቹ እንዳይጋጩ ነው።

መጀመሪያ ሚዛን

«ከስቷል» የሚለው የዓይን ግምት ነው፤ ሐኪም የሚሠራው በቁጥር ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን መዝኑ። የጤና ጣቢያው፣ የፋርማሲው ወይም ልጆች መንገድ ላይ ይዘውት የሚቀመጡት ሚዛን ቢሆን ችግር የለውም፤ ሚዛኑን መቀያየር ነው ቁጥሩን የሚያበላሸው። በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ በላይ የቀነሰ ሰው መክሳቱ ከበሽታ ነው ተብሎ ይታያል። 60 ኪሎ የነበረ 56 ከገባ ወደ 7 በመቶ ወርዷል ማለት ነው።

እግሩ ያበጠ ከሆነ ሚዛኑ ይዋሻል። በአውራ ጣት ቅልጥሙን ለ10 ሰከንድ ተጫኑት፤ ጉድጓድ ከተረፈ ውሃ ቋጥሯል፣ ቁጥሩም ከእውነቱ በላይ ነው።

ሌላው ስሌት ክብደቱን ቁመቱ በሜትር ሁለቴ ተባዝቶ ለሚሰጠው ቁጥር ማካፈል ነው። 45 ኪሎና 1.65 ሜትር የሆነ ሰው፦ 1.65 በ1.65 ሲባዛ 2.72፣ 45 ለ2.72 ሲካፈል 16.5። ከ18.5 በታች ቀጭን፣ ከ16 በታች እጅግ የተጎዳ ነው። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ስትገቡ የሚሰጣችሁ ትኩረት ይለያል፤ በኤች.አይ.ቪ. ወይም በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ላለ የተጎዳ ሰው ፕላምፒ ነት የሚታዘዘውም በዚህ ዓይነት ልኬት ነው። ለገጣፎ ባለው የሕሊና ፋብሪካ የሚመረተው ይኸው የለውዝ ቅባት 92 ግራም በሆነ አንድ ፓኮ 500 ካሎሪ ይይዛል። ውሃ ስለሌለው ከጎኑ የተጣራ ውሃ ይጠጣ። ሱቅ መደርደሪያ ላይ የምታዩት ከሕፃናትና ከታማሚዎች ድርሻ የወጣ ነው፤ በትእዛዝ በነጻ የሚገኘውን ከዚያ አትግዙ።

ለምን አልበላም አለ?

ማንኛውንም የፍላጎት መድኃኒት ከመፈለግ በፊት አፉን ክፈቱ። በስልክ መብራት ምላሱንና ጉንጩን እዩ፤ ሲፈገፈግ የሚቆስል ነጭ ነገር ካለ ፈንገስ ነው። ኒስታቲን ወይም ፍሉኮናዞል በቀናት ውስጥ ያሽለዋል፤ «በርበሬው አቃጠለኝ» ብሎ ምግብ የተወ ሰው መብላት ይጀምራል። ለአፍ ቁስለት ደግሞ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ ከምግብ በፊትና በኋላ ይጉመጥመጥ፣ ይትፋው። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ አይተካውም።

ቀጥሎ ሆዱ። የሞርፊን ሽሮፕ የሚወስድ ሰው በአብዛኛው ሆዱ ይደርቅበታል፤ ሦስት ቀን ሰገራ ያልወጣ ሆድ ምግብ አይቀበልም። ማለስለሻ ከሞርፊኑ ጋር አብሮ መታዘዝ አለበት፤ ካልታዘዘ ጠይቁ። ማቅለሽለሽ ካለ ሜቶክሎፕራማይድ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው፤ ብዙ ሰው ከበላ በኋላ ወስዶ «አልረዳኝም» ይላል። ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፤ ኮርሱ ሲያልቅ ይተዋል።

አንዱ ግን ለነገ አይባልም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰው ድንገት ምግብ ጠልቶ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱ ጉበቱን እየጎዳው ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂድ። ሽንቱ ብርቱካናማ መሆኑ ብቻውን አያስደነግጥ፤ ሪፋምፒሲን ከመጀመሪያው ቀን ያን ያደርጋል። ዓይኑን እዩ።

ሕመም፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ ማጣትም ምግብ ያስጠላሉ፤ እነሱንም ለሐኪም ተናገሩ።

ቀጭኑ አጥሚት

ለታማሚ ቀጭን አጥሚትና የሾርባ ውሃ መስጠት ወግ ነው፤ ምግብ እየወሰደ የሚከሳውም በዚህ ነው። አንድ ማንኪያ ዱቄትና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባበት አንድ ብርጭቆ አጥሚት ከ50 ካሎሪ ብዙም አያልፍም። የታመመ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎው ከ25 እስከ 30 ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ 50 ኪሎ ለሆነ 1,500 ገደማ ነው። ያን በቀጭን አጥሚት ለማሟላት 30 ብርጭቆ ይጠጣ ማለት ነው፤ ሆዱ በሁለቱ ይሞላል። ስለዚህ ብርጭቆው እንዳለ ይቆይና ውስጡ ይቀየር።

የወፈረው አጥሚት ለአንድ ትልቅ ብርጭቆ፦ 3 የሾርባ ማንኪያ የገብስ ወይም የአጃ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ 1 ብርጭቆ ሙሉ ስብ ያለው ወተት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ያልተነጠረ ቅቤ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፤ ሙቅ ውሃ ላይ ከተበተነ ይጓጉላል፣ አፉ የቆሰለ ሰው ጉጉሉን ይተፋዋል። በዝግታ እሳት 10 ደቂቃ አማስሉ፣ ወተቱን ጨምሩና አንዴ ይፍላ። ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ የለውዝ ቅቤውን፣ ስኳሩንና ቅባቱን አዋሕዱ። ወደ 400 ካሎሪና 13 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። በቀን ሦስት እንዲህ ያለ ብርጭቆ፣ አንድ እንቁላልና ግማሽ አቮካዶ ከላይ ወዳልነው ቁጥር ያደርሱታል፤ እንጀራው ቢቀር እንኳ።

ስኳር በሽታ ካለበት ስኳሩ ይቅርና ዘይቱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይሁን። ለውዙን ራሳችሁ ቆልታችሁ ብትፈጩ ይሻላል፤ የተጨማደደውንና የሻገተውን ልቀሙ፣ ሻጋታው ጉበት ይጎዳል።

ወፍራም መዋጥ ለሚያቅተው ደግሞ ጠላ ጠማቂ ጎረቤት ቤት መፍትሔ አለ። ያልተቆላ ብቅል ዱቄት ወፍራሙን ውሃ ሳይጨመርበት ያቀጥነዋል፤ በቅሎ የደረቀው እህል ስታርችን የሚሰባብር ነገር ስለያዘ ነው። 5 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ አማስላችሁ ገንፎ አሳክሉት። ከእሳት አውርዳችሁ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ጣት ሲነካው የሚያቃጥል ግን የማይንተከተክ ሲሆን 1 የሻይ ማንኪያ ብቅል ጨምራችሁ አማስሉ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ማንኪያው እየቀለለ ሲሄድ እጃችሁ ያውቀዋል፤ ገንፎው የሚፈስ አጥሚት ይሆናል። ከዚያ እንደገና 3 ደቂቃ አፍሉት፤ ያለዚህ መቅጠኑን ይቀጥላል፣ ከብቅሉ የመጣ ጀርምም ይቀራል። በመጨረሻ 4 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት፣ የለውዝ ቅቤው፣ ስኳሩና ዘይቱ ይገባሉ፤ ካሎሪው ወደ 480 ይወጣል።

አልቀጥን ካለ ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ እየፈላ ሳለ ጨምራችሁበታል፣ ወይ ብቅል ብለው የሰጧችሁ የተቆላ ነበር። እሳት ያቃጠለው አይሠራም፤ አሻሮ አይተካውም።

የተረፈውን በፔርሙዝ አትያዙ። ወተት ያለበት አጥሚት ለብ ብሎ ሲውል ጀርም ይፈላበታል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ፍሪጁም አይታመንም። በየጊዜው ትንሽ ሥሩ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠጣ፣ ካልሆነ ይደፋ። ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ የሚመጣ ጥሬ ወተት ሳይፈላ አይሰጥ። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ መከላከያው ለተዳከመ ሰው ክልክል ነው፤ «ያበረታዋል» እያለ የሚያመጣ ዘመድ አይጠፋም፣ በደንብ አብስሉለት።

ጾም ላይ ከሆነ መጀመሪያ ንስሐ አባቱን አነጋግሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ታማሚን ጹም አትልም። የፍስክ አልበላም ካለ ግን ክርክሩን ትታችሁ ወተቱን በውሃ ለውጡ፣ የለውዝ ቅቤውን ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ዘይቱን ሁለት የሻይ ማንኪያ አድርጉ፤ 400ውን ካሎሪ አያጣም።

እጅግ የተራበ ከሆነ ቀስ በሉ

ለአምስት ቀን ምንም ያህል ሳይበላ የቆየ ሰው ከላይ ካልነው ግማሽ ይጀምር፤ በየሁለት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨመር። ከ10 ቀን በላይ ያልበላ ወይም የክብደትና የቁመት ስሌቱ ከ16 በታች የሆነ ሰው ቤት ውስጥ ማወፈር አይጀመርበትም፤ ሆስፒታል ገብቶ ቫይታሚን ቢ 1 ወስዶ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ 10 ካሎሪ ገደማ ይዞ ነው የሚነሣው። የተራበ ሰውነት በአንድ ጊዜ ስኳር ሲሞላ ፎስፌትና ፖታሲየም ከደም ወደ ሴል ይሰምጣሉ፤ ልብና መተንፈሻ ጡንቻ ይደክማሉ። ቅቤ የበዛበት ገንፎ በልቶ «ተሻለው» የተባለ ሰው በሦስተኛው ቀን እግሩ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከተምታታበት በዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱት።

አቀራረቡ

በኮንዶሚኒየም ቤት ማድ ቤቱና መኝታው አንድ አየር ነው። የቁሌት ሽታ ብቻ ኬሞቴራፒ የወሰደን ሰው ያስመልሳል። ወጡን ጠዋት እሱ ሳይነቃ ወይም ጎረቤት ቤት ሥሩ፤ ለእሱ ቀዝቀዝ ያለ ነገር አቅርቡ፦ እርጎ፣ አይብ፣ ሙዝ፣ የቀዘቀዘ እንቁላል። ሥጋ ብረት ብረት ካለው ሹካና ማንኪያውን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ለውጡ፣ ፕሮቲኑን በምስርና በሽሮ ተኩ። ከምግብ በፊት ውሃና ቡና አይጠጣ፤ ቦታ ይወስዳሉ። አብዛኛው ታማሚ ጠዋት ይሻለዋል፤ ትልቁ ምግብ ያኔ ይሁን።

«በሞቴ»ን ተዉት። ፍቅር መሆኑ አይካድም፤ ግን ታማሚው እንግዳን ደስ ለማሰኘት ጉርሻውን ይውጥና ማታ ያስመልሰዋል፣ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተኝቻለሁ ይላል። ሦስት ማንኪያ በትንሽ ሳህን አስቀምጡና ስለ ሌላ ነገር አውሩ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና። በሽታው መጨረሻው ላይ የደረሰ ሰው ደግሞ ምግብ ቢገባለትም ሰውነቱ አይጠቀምበትም፤ ያኔ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ማራስና ሕመሙን ማስታገስ ይበልጣል። እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን በቤታቸው የሚረዳው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነው፤ ሐኪሙ እንዲልካችሁ ጠይቁት።

የፍላጎት መድኃኒቶች

ሐኪም ሊያዝዛቸው የሚችሉት ሦስት ናቸው። ዴክሳሜታዞን በቀናት ውስጥ ያስበላል፤ በሳምንታት ኃይሉ ይደክማል፣ ሲቆይ ጡንቻ ይበላል፣ ስኳር ያወጣል፣ የአፍ ፈንገሱን ይመልሳል። ጠዋት ይወሰዳል፤ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሣል። ሰንብቶበት ከሆነ በአንዴ አይቋረጥም። ሜጀስትሮል ክብደት ይጨምራል፣ የሚጨምረው ግን በአብዛኛው ስብ ነው፤ ደም ሊያረጋ ስለሚችል አንድ እግር ካበጠና ካመመ ይቁም፣ ሐኪም ይየው። ሦስተኛው ኦላንዛፒን ነው፤ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ቢሆንም በትንሽ መጠን፣ 2.5 ሚሊ ግራም ማታ ማታ፣ ለካንሰር ታማሚ ፍላጎት እንዲሰጥ የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በ2023 መክሯል። ቤተሰብ «የእብድ መድኃኒት» ብሎ እንዳይጥለው አስቀድማችሁ አስረዱ።

ማወፈሪያ እየተባለ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ኪኒን አትግዙ። ውስጡ ዴክሳሜታዞን ሊሆን ይችላል፤ ያልታከመ የሳንባ ነቀርሳ ያለበትን ሰው ፊቱን አሙልቶ ሳንባውን ያባብስበታል።

ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ ቀጠሮ ሲኖር ከዳርቻ ሰፈር ታክሲው፣ ሰልፉና መመለሻው ሲደመር ቀኑ ያልቃል፤ ታማሚው ከንጋት እስከ ማታ ባዶ ሆዱን ይውላል። በሶ በትንሽ ውሃና ስኳር ተለውሶ፣ የተቆላ ለውዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ውሃ ያዙ። የደም ምርመራ በባዶ ሆድ ከተባለ ደሙ እንደተቀዳ ይብላ። ለሐኪሙ የምታቀርቡት የየሳምንቱን ክብደት፣ ያለፉት ሦስት ቀናት የበላውን በብርጭቆና በማንኪያ፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰና መቼ ሰገራ እንደወጣ ነው። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የባሕሉንም ጭምር፣ ከነፓኮው በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ግቡ።